የለገጣፎዋ ስካን ቤት፦ አሮጌ የጂኦሎጂ ወረቀት ላላችሁ

አሮጌ የጂኦሎጂ ጽሑፍ ወይም ካርታ ቤታችሁ ካለ፣ ለገጣፎ ያለችውን አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ልጠቁማችሁ። ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ፣ ከግንባታ ዕቃ መሸጫ ጎን ናት። ከውጭ ሲያዩዋት የመታወቂያ ፎቶ ከሚያነሱት ቤቶች አትለይም። ሥራዋ ግን ይለያል።

እኔ የውኃ ጉድጓድ ጂኦሎጂስት ነኝ። አጎቴም ጂኦሎጂስት ነበሩ፤ ሲያርፉ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ትተውልናል። የመስክ ደብተር፣ ካርታ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ የታተሙ የጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ መጽሔቶች አሉበት። እንዲህ ያለ ወረቀት ዛሬ ፈላጊው ብዙ ነው። ጀርመን አገር ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ያለው ጂኦሮክ የሚባል ዳታቤዝ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮችን የኬሚካል ውጤት ከታተሙ ጽሑፎች እየለቀመ ያከማቻል። አሜሪካ ዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ያለው ኤክስዲዲ የሚባል ሥርዓት ደግሞ ጽሑፉን በማሽን እያስነበበ መረጃ ያወጣል። ማሽን ግን የደበዘዘ ቁጥር አይሆንለትም። 3 እና 8 ከተምታቱበት ሠንጠረዡ ጭራሽ ባይገባ ይሻላል።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ስካኑ ላይ ነው። የምትሠራው ወጣት ልጅ ናት። መጀመሪያ በ200 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው)፣ በጥቁርና ነጭ ሠራችው። የካርታው ቀለም ጠፋ። ጂኦሎጂ ካርታ ላይ ደግሞ የድንጋዩን ዓይነት የሚለየው ቀለሙ ነው። ሳሳያት አልተከራከረችም። «እንደገና እሠራዋለሁ ጋሼ፣ አይከፍሉም» አለችኝ። ጽሑፉን በ300፣ ሠንጠረዡንና ካርታውን በ600 ዲፒአይ በቀለም ደገመችው። አሁን ቁጥሮቹ ጥርት ብለው ይነበባሉ።

ከሁሉ የወደድኩት ጥንቃቄዋን ነው። ወረቀቱ ሊሰባበር እንደደረሰ ስታይ ወረቀቱን ራሱ በሚስበው ማስገቢያ (ፊደር) አላስገባችውም፤ እያንዳንዱን ገጽ መስታወቱ ላይ አስተኝታ ሠራችው። የዛገውን ስቴፕል ቀስ ብላ ነቀለች። ሽፋኑን፣ የግርጌ ማስታወሻውን፣ የካርታውን ዳር ሳትቆርጥ አስገባች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 የድንጋይ ዕድሜ በፖታሲየም አርጎን ዘዴ የሚሰላባቸው ቋሚ ቁጥሮች ተለውጠዋል። ከዚያ በፊት የታተመ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ከመቶ 2 ወይም 3 ያህል ከፍ መደረግ አለበት። በየትኛው ቁጥር እንደተሰላ የምትናገረው አንዳንዴ አንዲት የግርጌ መስመር ብቻ ናት። እሷ ከተቆረጠች ያን ዕድሜ አምኖ ዳታቤዝ ውስጥ ማስገባት ይከብዳል። የካርታ ዳርም እንዲሁ። የድሮ ካርታዎቻችን አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የቦታ ልኬት መነሻ)፣ ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት በተለየ፣ የተሠሩ ናቸው። ዳር ላይ የተጻፈውን ሳያዩ ነጥቡን እንዳለ ወደ ጂፒኤስ ያስገባ ሰው 200 ሜትር ገደማ ይስታል። ጉድጓድ ለሚያስቆፍር 200 ሜትር ብዙ ነው።

ጉድለትም አላት። ስካነሯ ከኤ3 አያልፍም። ትልቁ ካርታ ተከፋፍሎ ነው የተሠራው፤ አንዱ መጋጠሚያ ላይ የስምጡ መስመር ትንሽ ዝንፍ ብሏል። መብራት ሲሄድ ጀነሬተር የለም፣ መጠበቅ ነው። ዋጋዋ ከመሀል ከተማው ይረክሳል፤ የ600ው በቀለም ግን ወደድ ይላል፣ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ልጅቷ አንድ ጥሩ ጥያቄም ጠየቀችኝ። «ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ባለቤቱ አይቆጣም?» የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን ለደራሲው ዕድሜ ልክና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። እንግሊዛዊው ጂኦሎጂስት ብላንፎርድ ከናፒየር ጦር ጋር መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1870 ያሳተመውን መጽሐፍ ዛሬ ማንም በነፃ ማውጣት ይችላል፤ አሸንጌ ለሚባለው የባዛልት ክፍል ስሙን ያወጣለት እሱ ነው። የ1960ዎቹ መጽሔቶች ግን ፈቃድ ይፈልጋሉ፤ ፈቃዱ እስኪገኝ ቤት ይቆያሉ። የአጎቴ የግል ደብተሮች መብት የቤተሰቡ ስለሆነ ተስማምተን ዜኖዶ በሚባለው የምርምር ፋይል ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ አስቀመጥናቸው። እዚያ ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ተመራማሪ መረጃውን ሲወስድ ምንጩን በቁጥሩ ይጠቅሳል።

ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ተማሪ ይበዛል። ካርታ ከሆነ ሳታጥፉ ጠቅልላችሁ ውሰዱ። ፋይሉን በፍላሽ ተቀበሉ፤ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይወርዳል።