የአውሮፕላን አደጋ ጠቋሚ፦ 121.5 ወይስ 406?

ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ከፊትህ ያለው መኪና መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። እዚያ ገደል ውስጥ ትንሽ አውሮፕላን ብትወድቅ በዓይን ማን ያገኛታል? ተስፋዋ የአደጋ ጠቋሚ ራዲዮዋ ነው።

አሮጌው በ121.5 ሜጋኸርዝ ይጮኻል። የማን እንደሆነ አይናገርም። ሳተላይቶችም ከጥር 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ጀምሮ አይሰሙትም። በአቅራቢያ የሚያልፍ አውሮፕላን ካልሰማው፣ ተራራም ከጋረደው፣ አለቀ።

የ406ቱ ግን በየ50 ሴኮንዱ ገደማ መለያውን ወደ ሳተላይት ይልካል። ያለ ጂፒኤስ ፍለጋውን ወደ 5 ኪሎ ሜትር ያጠብበዋል። ጂፒኤስ ካለው ወደ 100 ሜትር። የመንዝን ቁልቁለት በእግሩ ወርዶ የወጣ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ዋጋው ቢከብድም እኔ ጂፒኤስ ያለውን ነው የምለው። ደግሞ 121.5ንም አብሮ ያሰማል፤ ፈላጊዎቹ ሲቀርቡ እሱን ይከተላሉ።