ፍየሎቼን ላተረፈልኝ የሳቢያን ልጅ

ድሬዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ይሄን ምስጋና ዛሬ ነገ እያልኩ አቆይቼዋለሁ። ትናንት ማታ ግን ፍየሌ መንታ ወለደች። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የምኖረው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ግቢዬ ውስጥ አምስት ፍየሎች ነበሩኝ። ከወራት በፊት የልጄ ሰርግ ማግስት ብዙ ዳቦና ሊጥ ተርፎ ነበር። ምግብ አይደፋም ብዬ በሳፋ ሰጠኋቸው። ተሻምተው ጨረሱት። ማታ ላይ ሁለቱ ሆዳቸው ተነፋ። ጥርሳቸውን ያፋጫሉ፣ መቆምም መተኛትም አቃታቸው። የጠራሁት ሰው መጥቶ መርፌ ወጋቸው፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ምን እንደበሉ እንኳን አልጠየቀኝም። ሳይነጋ አንዷ ሞተች።

ጎረቤቴ «አቦ፣ ያንን ልጅ ጥሪው እንጂ!» አለችኝ። በእንስሳት ጤና የተመረቀ ወጣት ነው። ሰፈሩ ዶክተር ይለዋል። ስሜን አትጻፊ ስላለኝ እኔም ዶክተር እለዋለሁ።

ገና ከባጃጅ ሳይወርድ «እናቴ፣ ትናንት ምን በሉ?» አለኝ። ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ለብ ባለ ውሃ ቤኪንግ ሶዳ በጠበጠና በሕይወት የቀረችውን በሽተኛ ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ ቀስ እያለ አጠጣት። ጎኗን እያሸ ለረጅም ሰዓት አብሯት ተቀመጠ። እግረ መንገዱን አስረዳኝ። ፍየል ጨጓራዋ ውስጥ ሳርና ቅጠል የሚያብላሉላት ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉ። ዳቦ፣ ሊጥ ወይም እህል ድንገት ሲበዛባቸው ጨጓራው ውስጥ አሲድ ይበዛል። የሚገድላትም እሱ ነው። ለሁለት ቀን ደረቅ ሳርና ውሃ ብቻ ስጪ አለኝ። ተረፈች።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይሄድ ነበር። እሱ በረቱን ልየው አለ። ገብቶ ጉዝጓዙ ላይ ተንበረከከ። ሲነሳ የሱሪው ጉልበት ረጥቧል። «እናቴ፣ እኔ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የተንበረከክኩት። እነሱ ሌሊቱን ሙሉ ይተኙበታል» አለኝ። እኔንም ጎንበስ በይ አለኝ። ቆሜ ምንም አይሸተኝም ነበር። ፍየሎቹ በሚተነፍሱበት ከፍታ ግን ዓይን ያቃጥላል። የሽንታቸው አሞኒያ ነው፣ ሳንባ ይጎዳል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ሽንት የጠጣ ጭድ ለመከርፋት ጊዜ አይፈጅበትም። ግልገሎቼ ለምን ሁልጊዜ እንደሚያስሉና እንደሚያስቀምጣቸው የገባኝ ያኔ ነው። እኔ እኮ ለዓመታት ለሳልም ለተቅማጥም መድኃኒት ስገዛ ነው የኖርኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ተመልሶ መጣ። ግቢ ውስጥ ከወደቀ አሮጌ ጣውላ ከመሬት ከፍ ያለ ርብራብ ሠራልኝ። በጣውላዎቹ መሃል የጣት ውፍረት የሚያህል ክፍተት አለ። ሽንትና በጠጥ ወደ ታች ይወርዳል፣ የግልገል እግር ግን አያልፍም። ፍየል ከፍ ያለ ቦታ መተኛት ትወዳለች፣ በመጀመሪያው ምሽት ሁሉም ወጡበት። ለግልገሎቹ ጥግ ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ይነጠፋል። ሰጋቱራው ቀለም ከተቀባ እንጨት የወጣ እንዳይሆን ብሎኛል።

ስለ መኖውም ብዙ አስተማረኝ። ሁላችንም ገራባ፣ ከጫት የተረፈውን ቅጠልና እንጨት፣ እንሰጣለን አይደል? እሱም አልከለከለኝም። ግን ከማቅረቤ በፊት አራግፌ ፌስታሉን እንድለቅም አስጠነቀቀኝ። ፌስታል ጨጓራ ውስጥ ከገባ አይፈጭም፣ እየተጠራቀመ ይዘጋባታል። ከባቢሌ የሚመጣው የለውዝ ሐረግ ጥሩ መኖ ነው፣ ከሻገተ ግን ይጣል። የሻጋታው መርዝ በወተቱ በኩል ወደ እኛም ያልፋል። ይሄን ስሰማ ሰውነቴ ነው የቀዘቀዘው፣ የልጅ ልጆቼ የሚጠጡት ወተት ነዋ።

30 ኪሎ የምትመዝን ፍየል በቀን 1 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበቃታል። ፉርሽካና ፋጉሎ (ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ለምትታለበዋ ነው፣ ለአንድ ሊትር ወተት ከ300 እስከ 400 ግራም። እሱም ቅጠሉን ከበላች በኋላ። አዲስ መኖ ሲጀመር ከትንሽ ተነስቶ በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመራል። መኖው መሬት ላይ አይበተንም፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው እንዲበሉ ይሰቀላል። ፍየል የረገጠችውን አትበላም። ብትበላም ከበጠጡ ጋር የሆድ ትል ትወስዳለች። ንጹህ ውሃና ጨው ሁልጊዜ አጠገባቸው ይሁን።

ከዚያ ወዲህ አንድም መርፌ አልገዛሁም። እሱ የወሰደው የመጣበትን ሂሳብ ብቻ ነው። ለርብራቡ ልክፈልህ ስለው «ጣውላው የራስሽ ነው» ብሎኝ ሄደ።

በግ፣ ፍየል ወይም ላም ያላችሁ፣ በተለይ ሳቢያንና ገንደ ቆሬ ያላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። ጠዋት በጊዜ ደውሉ፣ ከረፈደ አታገኙትም። ሲመጣ የበሉትን ሁሉ ሳትደብቁ ንገሩት።

ዶክተር፣ መንታ የወለደችው ያቺ ለረጅም ሰዓት አብረሃት የተቀመጥከው ናት። ሁለቱም ግልገሎች እንገሩን ወዲያው ጠብተዋል፣ እንዳልከው። ዛሬ ጠዋት ጭዳቸው ላይ ተንበርክኬ ነበር፣ ቀሚሴ አልረጠበም። ግልገሎቹ ሲጠግቡ ከእሷ ወተት ሻይ አፈላልሃለሁና ብቅ በል።