የሕንፃችንን ኤሌቬሽን ጅማ ላይ ላቆመችልን እህት ምስጋናና ጥቆማ

ጅማ ውስጥ የዲዛይን ሥራ ለምትሠሩ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ለምታዘጋጁ የአርክቴክቸር ተማሪዎችና ሕንፃ ለማሠራት ለተደራጃችሁ ሁሉ ይህን ጥቆማ ሳላካፍል ማለፍ አልፈለግኩም። ወደ ኪቶ ፉርዲሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አነስተኛ የፕሪንትና የድራፍቲንግ (የሕንፃ ሥዕል መሥሪያ) ቤት የምትሠራ አንዲት እህት አለች። የኤሌቬሽን ሥዕሎቻችንን፣ ማለትም ሕንፃውን ከውጭ ፊት ለፊት የሚያሳዩትን ሥዕሎች፣ ባክግራውንድ የሠራችልን እሷ ናት። እጇ ይባረክ!

ሥራው ሂርማታ አካባቢ ለሚሠራ ጂ ፕላስ 3 ሕንፃ ነበር። ባለቤቶቹ በማኅበር የተደራጁ ነጋዴዎች ናቸው። አብዛኞቹ ፕላን ማንበብ ስላልለመዱ አይተው የሚወስኑት በኤሌቬሽኑ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ብቻውን የቆመ የመስመር ሥዕል ደግሞ ሕንፃው ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ከጎረቤቱ ጋር ምን እንደሚመስል አይነግራቸውም። ሰማዩ፣ ዛፉና ሰፈሩ ከኋላ የሚገባው ለዚህ ነው።

ይህን የሚሠራ ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ግን ከኢንተርኔት የወረደ ሰማይና የባሕር ዳርቻ ዘንባባ ይለጠፍበትና ሕንፃው ጅማ ይሁን ዱባይ ሳይለይ ይቀራል። እሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ይሄኛው ፊት ወዴት ነው የሚያየው?" ብላ ነው። ወደ ደቡብ ነው ስላት "እንግዲያው ከጀርባው መታየት ያለበት የጅሬን ኮረብታ ነው" አለችና ስልኳን ይዛ ሄዳ ራሷ አነሳችው። ያነሳችውም ከሰዓት በኋላ ነው። በሥዕሉ ላይ ብርሃኑ የሚመጣው ከግራ ከላይ ነው፤ ፊቱን ወደ ሰሜን ላዞረ ሰው ደግሞ ግራው ምዕራብ ነው። የጠዋት ፎቶ ቢሆን ኖሮ ኮረብታው በቀኙ፣ ሕንፃው በግራው በርቶ አይገጥሙም ነበር። ጥላውን ለየትኛው ወር እንደሠራነውም ጠይቃኛለች። ጅማ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትውል ደቡብ የሚያየው ፊት በዚያ ሰዓት ጥላ ነው። የኛ ጥላ ለጥር የተሠራ ስለነበር የበጋ ሰማይ አስገባችበት። እንዲህ የሚጨነቅ ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም።

ስኬሉ (የእውኑ ልክ ወረቀቱ ላይ የሚያንስበት መጠን) ላይ ያላት ጥንቃቄም እንዲሁ ነው። ኤሌቬሽን ያለ ፐርስፔክቲቭ (የራቀው አንሶ ሳይታይ) ስለሚሠራ ሩቅ ያለው የሕንፃው ክፍልም ቅርብ ያለውም የሚለካው በአንድ ስኬል ነው። በ1 ለ 100 ስኬል ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ወረቀቱ ላይ 17 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ 8 ሜትር ዛፍ 8 ሴንቲሜትር። ሰዉ ከልኩ ከተለቀ በሩ የድንክ በር፣ ካነሰ ደግሞ ሕንፃው ከልክ በላይ ግዙፍ ይመስላል፤ የሚያየውም ሰው ሳያውቀው ይታለላል። በሥዕሉ ላይ ከሕንፃው ጎን የቆመው ዋንዛ እዚያው ቦታው ላይ ያለ ዛፍ ነው። ከሥሩ ቆመው ወደ ላይ ሲያነሱት ግንዱ ስለሚወፍርና ጫፉ ስለሚቀጥን፣ ራቅ ብላ ዙም አድርጋ አነሳችው።

ፎቶውን በፎቶሾፕ ታደበዝዘዋለች፣ የሕንፃውንም ቅርጽ ከላዩ ላይ ቆርጣ ታወጣለች። አለዚያ ኮረብታው በግድግዳው አልፎ ይታያል። ከዚያ ሥዕሉ የተሠራበት አውቶካድ የተባለ ሶፍትዌር ውስጥ አስገብታ ከመስመሮቹ በታች ታደርገዋለች። መስመሮቹ መስመር ሆነው ስለሚቀሩ ኤ1 በሚባለው ትልቅ ወረቀት ሲታተሙ አይደበዝዙም። በ12 ሜጋፒክስል ስልክ የተነሳ ፎቶ ኤ1 ላይ ሲለጠጥ በኢንች 120 ፒክስል ገደማ ነው የሚደርሰው፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ራቅ ተብሎ ለሚታይ ባክግራውንድ ይህ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳት ግን በአንድ ነገር ነው። አጠገቡ ያለውን የቆርቆሮ ቤት ከሥዕሉ እናጥፋው የሚል ሐሳብ ከማኅበሩ ተነሥቶ ነበር። "ሕንፃው ሲቆምም ቤቱ እዚያው ነው ያለው" አለችና በቀላል ግራጫ አስገባችው። ስብሰባው ላይ አንድ አባት ያንን ጣሪያ በጣታቸው እያሳዩ "የኛ ዝናብ እዚህ ላይ አይወርድም ወይ?" ብለው ጠየቁ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል። የአሸንዳው አወራረድ በዚያው ዕለት ተወሰነ፤ ቤቱ ቢጠፋ ኖሮ ማንም አያነሳውም ነበር። ደንበኛ ደስ እንዲለው ብሎ እውነቱን መሸፈን በሙያችን የተለመደ ስለሆነ ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ወደሷ ስትሄዱ የአውቶካድ ፋይሉንና ፎቶዎቹን በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ በፍላሽ ያዙ። አውቶካድ የፎቶውን አድራሻ እንጂ ፎቶውን ፋይሉ ውስጥ ስለማያስቀምጥ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ምስሉ ይጠፋል። የሰሜን አቅጣጫና የቦታው ፎቶም አይቅርባችሁ። ስሪ ዲ ሬንደር (ሕንፃውን እንደ ፎቶ አስመስሎ የሚያሳይ የኮምፒውተር ምስል) አትሠራም፤ ይህንንም ዋጋውንም ሥራ ሳትጀምር በግልጽ ትናገራለች። ተማሪዎች፣ በማቅረቢያችሁ ሰሞን ወረፋ ስለሚበዛባት ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ስልኳን በአደባባይ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።