ሂርማታ ያለችው መጽሐፍ አከራይ ቤትና የአምቤድካር ታሪክ

ጅማ ውስጥ መጽሐፍ መከራየት ቀረ የምትሉ ሰዎች ሂርማታ ገበያ በኩል ያለችውን ጠባብ ቤት አላያችኋትም። በሯ ላይ ማስታወቂያ የለም። ቅመም ከሚሸጡት እናት አጠገብ ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ኪራዩ በቀን 10 ብር ነው፣ መታወቂያ ታስይዛላችሁ፣ በቃ።

እኔን የሚመልሰኝ የመጻሕፍቱ ብዛት ሳይሆን ባለቤቱ ናቸው። ራሳቸው ያላነበቡትን አያከራዩም። ባለፈው ወር "ጋሼ፣ ስለ ሕግ ሰው የሚያወራ ነገር አለ?" ስላቸው ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወረዱ። አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉና "ይሄን ሳትጨርስ እንዳትመልስልኝ" አሉኝ። የሕንዳዊው የሕግ ሰው የቢምራኦ አምቤድካር የሕይወት ታሪክ ነበር።

ሰውየው በፈረንጆቹ 1891 (ዓመቶቹ ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ሕንድ ውስጥ፣ "የማይነኩ" ከሚባሉት ወገኖች ተወለደ። ትምህርት ቤት የሚቀመጠው ከቤት ይዞት በሚመጣው ጆንያ ላይ ነበር። ውኃ ሲጠማው ቧንቧውን መንካት አይፈቀድለትም፤ ተላላኪው መጥቶ ካልከፈተለት እንደጠማው ይውላል። እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አስቀምጬ ወጣሁ። አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ገበያ ቀን ጀበና ተሸክመው ሲመጡ ሰው ዕቃቸውን ይገዛል፣ ቤቱ ግን አያስገባቸውም፤ ቡና ሲፈላ የእሳቸው ስኒ ለብቻው ደጅ ላይ ነው። ቡናው የሚፈላበትን ጀበና የሠሩት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። አምቤድካር በ1913 በሕንዷ የባሮዳ ግዛት ገዥ ድጋፍ ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ለንደንም ተማረ። ይህን ሁሉ ተምሮ ባሮዳ ለሥራ ሲመለስ ማደሪያ ክፍል የሚያከራየው ሰው አጣ። ኋላ ቦምቤይ ውስጥ ጠበቃ ሆነ። በ1927 ማሃድ በሚባል ከተማ ሺዎችን አስከትሎ ሄዶ ከሕዝቡ ኩሬ ውኃ ጠጣ። ሕጉ ለሁሉም ክፍት ነው ይል ነበር፣ ግን ማን ያስጠጋቸዋል?

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ከማሃድ በኋላ ሃያ ያህል ገጾች ተገንጥለዋል። ስከራይ አልተነገረኝም። ተናድጄ ሄድኩ። ጋሼ አልተከራከሩኝም፣ "ቁጭ በል ልጄ" ብለው የሁለት ቀን ኪራይ መለሱልኝና የጎደለውን በቃላቸው ነገሩኝ። በ1932 እንግሊዞች "የማይነኩት" የራሳቸውን ተወካይ ለብቻቸው እንዲመርጡ ፈቀዱ። ጋንዲ እስር ቤት ሆኖ ይህን ተቃውሞ ምግብ አቆመ። አገር ሁሉ አምቤድካርን አፋጠጠው። ስምምነት ፈርሞ ለብቻ መምረጡን ተወ፣ በምትኩ በክፍለ ግዛቶቹ ምክር ቤቶች በድምሩ 148 የተጠበቁ ወንበሮች ይዞ ወጣ፤ መጀመሪያ የተሰጡት 71 ነበሩ። ጋሼ ቁጥሮቹን በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እየጻፉ ነው የነገሩኝ። እኔ አሁንም ተገፍቶ ፈረመ ባይ ነኝ፣ እሳቸው አይስማሙም።

የመጨረሻው ክፍል ሙሉ ነው፣ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ሕንድ በ1947 ነፃ ስትወጣ የመጀመሪያው የሕግ ሚኒስትር ሆነ፣ የሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴውንም መራ። ያ ቧንቧ እንዳይነካ የተከለከለው ልጅ ማለት ነው! አንቀጽ 17 ሰውን "የማይነካ" ማለትን ሻረ። በ1951 ግን የሴቶችን የውርስና የፍቺ መብት የሚያሻሽለው ረቂቅ ሲጓተትበት ሥልጣኑን ለቀቀ። በሚቀጥለው ምርጫም ተሸነፈ። በ1956 ከብዙ መቶ ሺህ ተከታዮቹ ጋር ቡድሂስት ሆነ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ።

ቤቷ ዓርብ በጁምአ ሰዓት ትዘጋለች። ከመክፈላችሁ በፊት ገጾቹን ቁጠሩ። የአምቤድካርን መጽሐፍ ሰኞ እመልሳለሁ፤ ጋሼ የነገሩኝን ሦስት ወረቀት ላይ ጽፌ በተገነጠለው ቦታ አስገብቼዋለሁ።