ግማሹን ሥራ «አልሠራላችሁም» ላለን አማካሪ

የደሴና የኮምቦልቻ ወገኖቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ይህን ምስጋና ልጽፍ ካሰብኩ ሦስት ወር አልፎኛል። ያዘገየኝ ራሱ ተመስጋኙ፣ የሒሳብ አማካሪያችን ነው፤ «እትዬ፣ ስሜን እንዳያወጡት፤ የሚመጣ ካለ በሰው በሰው ይምጣ» ብሎ አስምሎኛል። ስሙን አልጽፍም። ሥራውን እንዳልናገር ግን አላስማለኝም።

እኛ ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ብዙ ሳንርቅ፣ ጧሪ ያጡ አረጋውያንንና ወላጅ የሌላቸውን ተማሪዎች የምንደግፍ ትንሽ አገር በቀል ድርጅት ነን። አምስት ተቀጣሪ፣ አንድ መጋዘን፣ ሲፈልግ የሚሠራ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን አለን። ጡረታ ስወጣ «ሒሳብ አስተማሪ ነበርሽ» ብለው የቦርድ ሰብሳቢ አደረጉኝ። ሒሳብ ማስተማርና ሒሳብ መያዝ ለየቅል መሆናቸው የገባኝ ወንበሩ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ቢሯችን ተሰብሮ ኮምፒውተሩም፣ የደረሰኝ ጥራዙም፣ ሌጀሩም (ዋናው የሒሳብ መዝገብ) አብሮ ጠፋ። ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል በደብተር ስንሠራ ቆየን። ኦዲተር ስናነጋግር መጀመሪያ የሚጠይቀን «የመነሻ ሒሳባችሁ ስንት ነው?» ብሎ ነው፤ ዓመቱ ሲጀምር በእጃችሁ የነበረው ማለቱ ነው፤ እኛ ደግሞ መልስ የለንም። ረጂዎቻችንም የተመረመረ ሒሳብ ሳናይ ቀጣዩን ገንዘብ አንለቅም አሉ።

በፊት ሌላ አማካሪ ይዘን ነበር፤ ማንነቱ ይቅር። የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ ብሎ 90 ገጽ አስጠርዞ ሰጠን፣ ገንዘቡንም አስቀድሞ ወሰደ። ገጽ 31 ላይ «ቡና አምራች አባሎቻችን» ይላል። ወሎ ቡና በማፍላት እንጂ በማምረት ሲታማ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከማን እንደገለበጠው እስካሁን አላወቅንም።

የአሁኑ ሰው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ጥር 2016 ላይ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ፣ የኮምቦልቻን ፀሐይ አምኖ በስስ ሸሚዝ መጣ፤ ጋቢ አውሰን ነው ያስቀመጥነው። ሦስት ነገር ጠየቅነው፦ ሒሳባችንን አስተካክል፣ ኦዲት አድርገን፣ ዕቅድ ጻፍልን። ቡናው አቦል ላይ እያለ እንዲህ አለን፦ «ሒሳቡን እኔ ካስተካከልኩት ኦዲቱን አልሠራላችሁም። የጻፍኩትን ፈተና ራሴ አርሜ ማርክ መስጠት ይሆናል፤ መምህርት ነዎት፣ ያውቁታል። ዕቅዱም ይቆይ፤ መጋዘናችሁ ውስጥ ያለውን ሳታውቁ የት እንደምትደርሱ አትጻፉ።» ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ ቢፈልግ ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስደው ነበር። ኦዲተሩን ከኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ካላቸው ራሳችሁ አወዳድራችሁ ምረጡ አለን። «የምታውቀውን ጠቁመን» ብንለው እንኳ እምቢ አለ።

የጠፋውን ሒሳብ እንዴት እንደመለሰው ልንገራችሁ፤ እንደኛ ፋይሉ የጠፋበት ድርጅት እዚህ ብዙ ነውና ይጠቅማል። ከባንክ የሦስት ዓመት ስቴትመንት አስወጣን። ዕቃ የገዛንባቸውን ሱቆች አንድ በአንድ ዞረን ከጥራዛቸው የቀረውን የደረሰኝ ቅጂ ለመንን፤ አንዳንዱ ነጋዴ የራሱም ተዘርፎበት ነበር። ረጂዎቻችን መቼ ስንት እንደላኩ በደብዳቤ እንዲያረጋግጡልን ጻፍን። የፖሊስ ማስረጃውና የጠፋው የተዘረዘረበት ቃለ ጉባኤ ከፋይሉ ጋር ተያያዘ። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ አልጋ፣ ብርድ ልብስ ሳይቀር ተቆጥሮ መለያ ቁጥር ተጻፈበት። ያልተገኘውን ደግሞ አንድ ገጽ ላይ «ማስረጃ አልተገኘም» ብሎ አሰፈረው። እኔ ያን ገጽ እንተወው ባይ ነበርኩ። «ኦዲተሩ ከሚያገኘው እናንተ ብትነግሩት ይሻላል» አለኝ፤ ተሸነፍኩ።

ግዥው ላይ ግን አፈርኩ። የደንብ ልብስ የገዛንባቸውን ሦስት ፕሮፎርማዎች፣ ከሦስት የተለያዩ ሱቆች መጡ የተባሉትን የዋጋ ማቅረቢያዎች፣ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ሦስት ማኅተም፣ ሦስት የድርጅት ስም፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ! «ዩኒፎርም» የሚለው ቃል ሦስቱም ላይ «ዩንፎርም» ተብሎ ነው የተጻፈው። ገዢያችን ሌባ አይደለም፤ አንድ ሱቅ ገብቶ «ሦስቱንም እኔ አመጣልሃለሁ» ሲሉት እፎይ ያለ ሰው ነው። ይሄ እኛ ቤት ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። አማካሪው ልጁን አላዋረደውም፤ አሠራሩን ነው የቀየረው። ዕቃ የሚጠይቀው፣ የሚገዛውና የሚረከበው ሦስት የተለያየ ሰው ሆነ። የዋጋ ማቅረቢያው በፖስታ ታሽጎ ይመጣል፣ በኮሚቴ ፊት ይከፈታል። ከገበሬ የምንገዛው እህል ደረሰኝ ስለሌለው የሻጩ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማና የሁለት ምስክር ቦታ ያለው ቅጽ አዘጋጀልን። የራሱን የሚኒባስ ሒሳብ እንኳ በዚሁ ቅጽ እየሞላ ነው የሚቀበለን። በቀጣዩ ዓመት የደንብ ልብሱን ያቀረበልን ሌላ ሱቅ ነው፤ ዋጋውም ቀነሰ።

ከቅድመ ግብሩም አላመለጥንም። በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ በአንድ ግዥ ከ10,000 ብር በላይ ለዕቃ፣ ከ3,000 ብር በላይ ለአገልግሎት ስንከፍል 2 በመቶ ቀንሰን ለገቢዎች ማስገባት ነበረብን። እኛ ለማተሚያ ቤቱም ለአናጢውም ሙሉውን ስንከፍል ኖረናል፤ ያልቆረጥነው ከኪሳችን ወጣ።

አንድ የምሥራች ግን ነበረ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ እኛ አልፈናል ብለን እንቅልፍ አጥተን ነበር። ለካ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያኑን የምትጎበኘውን ልጅ ደመወዝ ከጥበቃውና ከጸሐፊዋ ጋር ደምረን አስተዳደር እያልን ነው የምንመዘግበው! የእሷ ሥራ እኮ ፕሮጀክቱ ራሱ ነው። ወደ ቦታው ሲመለስ ከጣሪያው በታች ሆንን።

የ2016 ሒሳብ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሲመረመር ኦዲተሩ በመነሻ ሒሳቡ ምክንያት ከጥቂት ነቀፌታ ጋር አጥጋቢ ነው አለ። የ2017ቱ ነቀፌታ የሌለበት ወጣ። ዕቅዱንም በመጨረሻ ጻፍን፤ 11 ገጽ። ቁጭ ብለን ያወጣነው እኛው ነን፤ እሱ ደጋግሞ «ምኑን ልትተዉት ነው?» እያለ ነዘነዘን። ሁለት ሥራ ተውን፤ አንዱ እኔ የምወደው የስፌት ሥልጠና ነበር። አሁንም ያንገበግበኛል።

እንከን የለውም አልላችሁም። ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ዋጋውም ርካሽ አይደለም። ግን የሥራው ዝርዝር በጽሑፍ ነው፣ ክፍያው በሦስት ተከፍሎ የመጨረሻው ሪፖርቱን ካስረከበ በኋላ ነው። የበጀት ዓመታችሁ እንደኛ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ግንቦት ላይ አነጋግሩት፤ ሐምሌ ላይ የሁሉም ሰው ወረቀት እሱ ላይ ነው የሚወድቀው። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

አንተም ይህን ካነበብክ፣ አላህም እግዜርም ይስጥህ ልጄ። ባለፈው የረሳኸው ዣንጥላ ቢሮ አለ። ቶሎ ና ውሰደው፤ የመጋዘኑ ልጅ መለያ ቁጥር ሊጽፍበት ቀለሙን አዘጋጅቷል።