የፕሮክስሞክስ ኢምፖርት፦ ገላን ላይ አንድ ቅዳሜ የሞከርኩት

የምሠራው ገላን ያለ አንድ መጋዘን ውስጥ ነው። ሰርቨራችን ከጄኔሬተሩ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ በቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ (አንዱን ሰርቨር እንደ ብዙ ኮምፒውተር በሚያሠራ ሶፍትዌር) ሦስት ቨርቹዋል ማሽን ተሸክሞ ዓመታት ቆይቷል። ከሦስቱ የሚያስጨንቀኝ የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ያለበት ዊንዶውስ ነው። እሱ ከቆመ ሂሳብ ክፍል ቆመ፣ ሂሳብ ክፍል ከቆመ መኪና ከግቢ አይወጣም።

ለምን ወደ ፕሮክስሞክስ ቀየራችሁ ለምትሉኝ፣ ነገሩ የዋጋ ነው። ብሮድኮም በፈረንጆቹ 2023 ቪኤምዌርን ከገዛ በኋላ አንዴ ከፍለው የሚይዙት ላይሰንስ ቀርቶ በየጊዜው የሚታደስ ሆነ። ነፃው ኢኤስኤክስአይም በ2024 ተቋርጦ በ2025 ተመልሷል፤ እኛ ግን ያኔ ልባችን ሸፍቷል። በዶላር የሚታደስ ነገር እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ፕሮክስሞክስ ያንኑ የኢኤስኤክስአይን ሥራ የሚሠራ ሶፍትዌር፣ የኦስትሪያ ሥራ ነው፤ ደቢያን ሊኑክስና ኬቪኤም (የሊኑክስ የራሱ ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ላይ የቆመ። ሳይከፍሉ መጠቀም ይቻላል፤ በገባችሁ ቁጥር ሰብስክሪፕሽን የላችሁም ይላችኋል፣ እሺ ብሎ ማለፍ ነው።

እኔን ያስገረመኝ ከፕሮክስሞክስ 8.2 ጀምሮ የመጣው ኢምፖርት፣ ማሽኖቹን ከኢኤስኤክስአይ የሚያዛውረው ነው። ስቶሬጅ ውስጥ ኢኤስኤክስአይ የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ የአሮጌውን ሰርቨር አይፒና ፓስወርድ ትሰጡታላችሁ፣ ማሽኖቹ ተደርድረው ይመጣሉ። ሲፒዩውን፣ ራሙን፣ ኔትወርክ ካርዱን ራሱ ያነባል። ድሮ ዲስኩን ማውጣት፣ በትእዛዝ መቀየር፣ መልሶ ማስገባት ነበር። ብቻ ማሽኑ መዘጋት አለበት፤ ስናፕሾትም (የማሽኑ የቀድሞ ሁኔታ የተያዘበት) ካለ ቀድማችሁ ሰርዙት፣ አለዚያ ኮፒው ይንቀራፈፋል።

ላይቭ ኢምፖርት የሚባልም አለ። ኮፒው ሳያልቅ ማሽኑን ያስነሳላችኋል። መሀል ላይ ከተቋረጠ ግን ከተጀመረበት ጊዜ ወዲህ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። መብራት እንደፈለገ በሚሄድበት ሰፈር ይህን የሚነካ ሰው ደፋር ነው። እኔ አልነካሁትም።

ቅዳሜ 9 ሰዓት ጀመርኩ። 200 ጊጋ ዲስክ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቄ ባየው 20 በመቶ! ሳጣራ አዲሱን ሰርቨር የሰካሁት ግድግዳው ላይ በተሰቀለው አሮጌ የ100 ሜጋቢት ስዊች ላይ ኖሯል። በዚያ ከሄደ አምስት ሰዓት ይፈጃል። አቋርጬ፣ ኬብሉን ወደ ጊጋቢቱ አዙሬ እንደገና ብጀምረው ሰዓት ሳይሞላ አለቀ።

ከዚያ ጥፋቴ መጣ። ቪኤምዌር ቱልስን (ማሽኑ ውስጥ የሚጫነውን የቪኤምዌር አጋዥ ፕሮግራም) ዊንዶውሱ ገና አሮጌው ሰርቨር ላይ እያለ አራግፌ ነበር፤ ከተዛወረ በኋላ አልነቀል ብሎ ያስቸግራል። እስከዚህ ጎበዝ ነኝ። ግን ይፈጥናል ሲባል ሰምቼ ዲስኩን ቨርትአይኦ ስካዚ በሚባለው የዲስክ ማገናኛ ላይ አድርጌ አስነሳሁት። ዊንዶውስ የዚያ ድራይቨር (ማገናኛውን የሚያስነብበው ፕሮግራም) የለውም። ሰማያዊ ስክሪን፣ ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ፣ የምነሳበትን ዲስክ አላገኘሁም ማለቱ ነው። ዘበኛው ብቅ ብለው «ልጄ፣ ዛሬ እዚሁ ልታድር ነው እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ፣ አሁን ይነሳል» አልኩ፣ በአፌ።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ለሚያውቀው። ዲስኩን ዊንዶውስ ወደሚያውቀው ማገናኛ፣ ወደ ሳታ መልሱት፣ ዊንዶውስ ይነሳል። ከጎኑ አንድ ጊጋ የምታክል ባዶ ዲስክ ቨርትአይኦ ስካዚ ላይ ጨምሩ፣ ድራይቨሩን ከቨርትአይኦ አይኤስኦው (የድራይቨሮቹ የሲዲ ፋይል) ጫኑ፣ ማሽኑን ዝጉ፣ ዋናውን ዲስክ ወደ ስካዚ አዙሩ። ቡት ኦርደሩን (ማሽኑ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ) ማስተካከል እንዳትረሱ፤ እኔ ረስቼ ሌላ ሃያ ደቂቃ ባከነ። አይኤስኦውን ቀድማችሁ አውርዱ። ከግማሽ ጊጋ በላይ ነው፣ እኔ በማታ በሞባይል ካርድ አወረድኩት።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሂሳብ ክፍል ደወለች። «ወንድሜ፣ ፒችትሪ አይከፈትልኝም።» ኔትወርክ ካርዱ ስለተቀየረ ዊንዶውሱ የድሮውን አይፒ በማይታየው አሮጌ ካርድ ላይ ይዞት ቀርቷል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የተደበቁትን አሳይቼ አሮጌውን ካርድ ሰረዝኩ፣ አይፒውን መለስኩ፣ አምስት ደቂቃ። ከሦስቱ አንዱ የሆነው ኡቡንቱውም (ሊኑክስ ነው) ያው ነው፣ የካርዱ ስም ኢኤንኤስ192 የነበረው ኢኤንኤስ18 ሆኖ ይነሳልና የኔትወርክ ፋይሉን ማስተካከል ነው።

ለኢምፖርቱ ከ10 9 ሰጥቼዋለሁ። አሮጌው ሰርቨር ከነማሽኖቹ ተዘግቶ እዚያው ነው፤ የወር መዝጊያው ሂሳብ በአዲሱ ላይ በሰላም እስኪያልፍ ማንም እንዳይነካው በማርከር ጽፌበታለሁ።