የግንበኛ ውሃ ልክ ጎማ ለአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ፦ ምን ያህል ያስተማምናል?

ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበትን ግልጽ የፕላስቲክ ጎማ ደሴም ኮምቦልቻም ያሉ የግንባታ ዕቃ ሱቆች በሜትር ቆርጠው ይሸጡታል። አውሮፕላን በገዛ እጁ ለሚሠራ ሰው የፍጥነት መለኪያን ለመፈተሽ ከዚህ የሚሻል ርካሽ ዕቃ የለም። ለከፍታ መለኪያ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደው።

የውስጥ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነውን ይምረጡ። በጣም ቀጭኑ ውሃውን ይዞ ስለሚያስቀር ንባቡ አይታመንም። ተጠቅልሎ የከረመ ጎማ በደሴ ብርድ አልዘረጋ ይላል፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቢነከር ይለሰልሳል። ሦስት ሜትር ይበቃል። 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው ጣውላ ላይ ጎማውን ከታች በ«ዩ» (U) ቅርጽ አጥፈው ወደ ላይ የሚወጡትን ሁለቱን ክንዶች ቀጥ አድርገው ያስሩ፣ መሃላቸው ላይ ማስመሪያ ይለጥፉ፣ ቀለም የገባበት ውሃ እስከ ግማሽ ይሙሉ። አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ውሃው ጎማው ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ውስጡ የአየር አረፋ ከቀረ ልኬቱ ዋጋ የለውም።

አንዱን ጫፍ ሦስት አፍ ባለው የቲ መጋጠሚያ ከፒቶት ቱቦው (ከፊት የሚመጣውን አየር ግፊት ተቀብሎ ለፍጥነት መለኪያው ከሚያደርሰው) እና ከ60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ጋር ያገናኙ፤ ሌላው ጫፍ ክፍት ይሁን። በአፍ መንፋት ፈጽሞ አይገባም፣ መለኪያውን ይሰብራል። ስሪንጁን ቀስ ብለው ሲገፉ የሁለቱ ክንዶች ልዩነት 48 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መርፌው 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማሳየት አለበት፤ በ108 ሚሊ ሜትር 150፣ በ193 ደግሞ 200። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የአንዱን ክንድ ከፍታ ብቻ ለክቶ ደህናውን መለኪያ «ተበላሽቷል» ይላል። ስሪንጁን ይዘው ሲጠብቁ ውሃው ቀስ በቀስ ከወረደ መስመሩ ያፈስሳል፤ መጀመሪያ መጋጠሚያዎቹንና የጎማ ማሰሪያዎቹን (ፋሸታዎቹን) ይዩ። የሚያፈስ ፒቶት ፍጥነትን አሳንሶ ያሳያል።

ወደ ስታቲክ መስመር (በአውሮፕላኑ ዙሪያ ያለውን የአየር ግፊት ለከፍታና ለፍጥነት መለኪያዎቹ ወደሚያደርሰው) ሲያልፉ ስሪንጁ ይስባል እንጂ አይገፋም። ከመሳብዎ በፊት ፒቶቱንና ስታቲኩን በአንድ ላይ ያገናኙ። በኮምቦልቻ ከፍታ ላይ 1,000 ጫማ ለመጨመር 31 ሳንቲ ሜትር ውሃ ያህል መሳብ ያስፈልጋል፤ ፒቶቱ ክፍት ከሆነ ይኸው ግፊት የፍጥነት መርፌውን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይወረውረዋል። ከዚያ መስመሩን ዘግተው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። በአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ በዚያ ደቂቃ ውስጥ የሚፈቀደው የከፍታ ንባብ መውረድ ከ100 ጫማ አይበልጥም። አየሩን ሲለቁም ቀስ ብለው ነው።

ከዚያ በላይ ላለው ከፍታ ጎማው አጭር ነው። መርፌው ተይዞ እንደማይቀር ለማየት የከፍታ መለኪያውን ኮምቦልቻ ላይ አስተካክሎ በመኪና ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት መውጣት ይጠቅማል፤ ደሴ ሲደርስ ወደ 2,000 ጫማ ገደማ መጨመር አለበት። በመዝለል የሚሄድ መርፌ ለባለሙያ ይሰጥ።

በፍተሻው ሁሉም ልክ ሆኖ በበረራ ላይ ብቻ ስህተት ከታየ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ስታቲክ ቀዳዳው የተቀመጠበት ቦታ ነው። የስታቲክ መስመሩ ተነቅሎ አብራሪው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ክፍት ከቀረ ሁለቱም መለኪያዎች አብዛኛውን ጊዜ አብዝተው ያሳያሉ።

ጂፒኤስ ከመርፌው በላይ ማሳየቱ ግን ብልሽት አይደለም። አየሩ ስስ ስለሆነ በኮምቦልቻ ቀትር መርፌው 100 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 110 አልፎ ወደ 114 ይጠጋል። ነፋሱን ለማጣራት በተቃራኒ አቅጣጫ ሁለት ጊዜ በረው አማካዩን ይውሰዱ።